ይድረስ ለክብርት ላይትስክራይብ፣ ካልተገለበጡ ለማይጻፉት ዲስክ

ጉዳዩ፦ ግማሽ ሰዓት የፈጀ ጽሑፍ በፀሐይ ስለሚጠፋበት ሁኔታ

ደሴ ላይ ሰርግና መንዙማ በዲቪዲ በርን ከምናደርግ (በሌዘር ከምንጽፍ) ሰዎች የተላከ ነው። እንደ ወሎ ወግ አስቀድመን ደህንነትዎን እንጠይቃለን። እንዴት ከረሙ? ጀርባዎ እንዴት ነው? አምና የተጻፈብዎ የሙሽሮች ስም አሁንም ይነበባል ወይስ እንደ አመልዎ ረስተውታል?

ከትልቅ ቤት መምጣትዎን አንክድም። ሂውሌት-ፓካርድ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቅዎ ቀለም የለ፣ ወረቀት የለ፣ ሙጫ የለ፤ ዳታውን የጻፈው ራይተር (የኮምፒውተሩ ዲስክ መጻፊያ) ጀርባዎንም በሌዘር ይጽፋል ተባለ። ከእርስዎ በፊት ያማሃ በ2002 ከዳታው በተረፈ ባዶ ቦታ ላይ ሥዕል የሚያወጣ ራይተር ሠርቶ ነበር፤ ሲዲው ከሞላ ግን ለሥዕል የሚተርፍ የለም። የእኛ አገር ሰርግ ደግሞ መቼ ያስተርፋል? 4.7 ጊጋባይቱን ዲቪዲ ጭፈራው ብቻውን ይጨርሰዋል።

እርስዎን ለማስደሰት የእርስዎ ምልክት ያለበት ራይተር፣ ያው ምልክት ያለበት ዲስክ እና ሶፍትዌርዎ መሟላት አለባቸው። (ተራ ዲስክ አስገብቶ ራይተሩን የሚለማመጥ አለ። ጀርባው ላይ በሙቀት የሚጠቁር ቅብ ስለሌለው እስከ ማታ ቢለማመጥ ወይ ፍንክች።) መጀመሪያ ዳታው በርን ይደረጋል፣ ይፈተሻል፣ ከዚያ ተገልብጠው ይገባሉ። የማይታየው ባለ 780 ናኖሜትር የሲዲ ሌዘር ጀርባዎን እየለበለበ ያጠቁረዋል።

ኩራትዎ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሚጻፉት ከመሐል ወደ ዳር ክብ በክብ ስለሆነ ሥዕሉ ወደ ጠርዝ በሰፋ ቁጥር ጊዜው ይረዝማል። ስምና ቀን ቀዳዳውን ከቦ ሲጻፍ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ሙሉ ፎቶ በምርጥ ጥራት ከሆነ ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ነው፤ አቦል ተጠጥቶ በረካው እስኪቀዳ እርስዎ ገና የሚዜዎቹ ትከሻ ላይ ነዎት። ቤተዘመድ 50 ቅጂ ሲያዝ በአንድ ራይተር 25 ሰዓት ማለት ነው፤ ቀኑ ያለው ደግሞ 24 ብቻ ነው።

ተጠብቆ ተጠብቆ የሚወጣው ደብዛዛ ነው። በቀይም በአረንጓዴም መደብ መጥተው አይተንዎታል፤ ሆኖም ሌዘሩ የሚያውቀው ማጥቆር ብቻ ነው። ቬሎው ነጭ ስለሆነ ሌዘሩ አይነካውም፤ አረንጓዴ ዲስክ ላይ ሙሽሪት አረንጓዴ ለብሳ ትዳራለች። ስለዚህ ፎቶው አስቀድሞ ጥቁርና ነጭ ተደርጎ ንጽጽሩ (የጥቁሩና የነጩ ልዩነት) ይጨመራል፣ ፊደሉም ወፍራም ይመረጣል። ያም ካልበቃ ያንኑ ፋይል ቦታውን ሳያንቀሳቅሱ ደግሞ መጻፍ ነው። ቀዳዳዎ ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ምልክቶች ለራይተሩ አቅጣጫውን ስለሚነግሩት ሁለተኛው ጽሑፍ ልክ በመጀመሪያው ላይ ያርፋል። ይህን ብልሃትዎን ያለ ሽሙጥ እናደንቃለን። መሐል ላይ መብራት ሲጠፋም ጅምሩን የምናድነው በእሱ ነው፣ ምንም እንኳ ሁለቴ የተለበለበው መሐል ከዳሩ ጠቁሮ ቢታይም።

እነዚያው ምልክቶች አቧራ ወይም የጣት ቅባት ካገኛቸው ግን ጭራሽ «አላውቃችሁም» ይላሉ። ደንበኛው ራይተሩ ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል። መፍትሔው ጭረት የማይተው ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ መጥረግ፣ በክብ ማሸት አይደለም። አሁንም እምቢ ካሉ በትክክል መገልበጥዎን ማየት ነው። ሶፍትዌርዎን ፍላሽ ላይ ያላስቀረ ሰው ግን ይዘን እንለቅስለታለን፤ ያስተዋወቀዎ ኩባንያ እርስዎን ከተወ ቆይቷል፣ ድረ ገጽዎም ተዘግቷል።

ስለ ፀሐይም ትንሽ እንነጋገር። ደሴ ጉም ውስጥ ተጽፈው ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ዳሽቦርድ ላይ ሲሰነብቱ፣ ባቲ ገበያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲሰጡ ጽሑፍዎ እየሳሳ ይሄዳል። ቪዲዮው ደህና ነው፣ ይጫወታል፤ የማን ሰርግ እንደሆነ ግን ካልከፈቱት አይታወቅም። መቀመጥ ያለብዎ ጨለማ ቦታ ነው፣ በፖሊፕሮፒሊን ኪስ እንጂ በፒቪሲ ላስቲክ አይደለም፣ ጠርዝ ብቻ ተይዞ። በሰርግ ማግስት ጣቱ ቅቤ ያልነካ ሰው ከየት እንደሚመጣ ግን እርስዎ ይንገሩን።

ለምን ታዲያ እስካሁን ታገሥንዎት? ስቲከሩ ከእርስዎ ስለሚብስ። 16ኤክስ (ከመደበኛው 16 እጥፍ ፍጥነት) ላይ ዲቪዲ በደቂቃ ወደ 9,000 ዙር ይሽከረከራል፤ አንድ ሚሊሜትር ዘንበል ብሎ የተለጠፈ ወረቀት ያንቀጠቅጠዋል፣ ሙቀት ሲያገኘው ጠርዙ ተነሥቶ ማጫወቻው ውስጥ ይቀራል። እስክሪብቶማ አይነሣ፤ የሲዲ ዳታ ያለው ከጀርባው ስስ ቅብ ሥር ስለሆነ ጫፉ ዘፈኑን ይጭረዋል። ዲቪዲ እንኳ ዳታው በሁለት 0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲክ መሐል ስለሆነ ይሻላል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በጀርባዎ የሚጻፈው ስምና ቀን ብቻ ነው፣ በወፍራም ፊደል፣ ቀዳዳውን ከቦ። ሙሉ ፎቶ የሚፈልግ ቤተዘመድ በማሸጊያው ክዳን ላይ በወረቀት ይታተምለታል፤ እዚያ ቬሎዋም ነጭ ትሆናለች።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለባለ ለስላሳ ጫፍ ማርከር፣ በውኃ ለተበጠበጠው፤ መብራት የጠፋ ዕለት ስለምንጠራው እንዳይደርቅ ክዳኑን ገጥሞ እንዲጠባበቅ።