ሳልሰናበት የወጣሁበት ቢሮ

ቪዛዬ የወጣው ማክሰኞ ነው። በረራው ቅዳሜ ሌሊት። በመሃል ያሉትን ቀናት እንደ ወትሮው ቢሮ ገባሁ። ደረሰኝ መዘገብኩ፣ ካዝና ቆጠርኩ፣ ከባልደረቦቼ ጋር ማኪያቶ ጠጣሁ። ዓርብ ማታ «በሉ ሰኞ እንገናኝ» ብዬ ወጣሁ። ሰኞ ፍራንክፈርት ነበርኩ።

ይህን የሚያነብ ሐበሻ ብዙ የሚገርመው አይመስለኝም። እኛ ዘንድ የውጭ ጉዞ እስኪሳካ አይወራም። እናቴ «አውሮፕላኑ ሳይነሳ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» ብላ አስምላኛለች። እሷስ ትሁን፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ከወር በፊት የመልቀቂያ ማመልከቻ አስገብቼ ቪዛው ቢከለከልስ? ሥራዬም ይሄዳል፣ የሰፈር መሳቂያም እሆናለሁ። ስለዚህ ዝም።

ሕጉ ግን ዝም በል አይልም። አሁን የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል ይላል። ምክንያት አቅርብ አይለውም። ሳያስጠነቅቅ ቢሄድም የሚጠየቀው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። እሱም ከሚቀረው ክፍያ ላይ ነው የሚቆረጠው። ማለትም እኔ የጠፋሁበት ዋጋ በሕጉ ሲሰላ ቢበዛ የአንድ ወር ደመወዝ ነው። አስቤው ነበር። ይቅርብኝ ብዬ ነው የወጣሁት።

ያላሰብኩት ዋሴን ነው።

ገንዘብ ያዥ ስለነበርኩ ስቀጠር ዋስ አምጣ ተብዬ ነበር። የአክስቴ ባል ከመሥሪያ ቤታቸው የደመወዝ ደብዳቤ አጽፈው ፈረሙልኝ። እኔ ስጠፋ ቢሮው የደወለው ለእሳቸው ነው። ሦስት ጊዜ ጠሯቸው። ሦስቱንም ጊዜ ከሥራቸው እያስፈቀዱ ሄዱ። «ልጁ የት ነው?» ሲሏቸው «እኔም እንደናንተው በወሬ ነው የሰማሁት» አሏቸው። ቦሌ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው! ካዝናው ተቆጥሮ ሳንቲም አልጎደለም፤ የሚከፍሉት ነገር አልነበረም። ግን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰውዬ በእኔ ምክንያት በር ላይ ቆመው ተጠይቀዋል። ይህ በየትኛውም አዋጅ ውስጥ ካሳ የለውም።

ጀርመን ስመጣ ያገኘሁት ሥራ ሆቴል ውስጥ ነበር፤ ቁርስ ማቅረብ፣ ሳህን ማንሳት። ዓመት ተኩል ከሠራሁ በኋላ አንድ የሒሳብ ቢሮ ቀጠረኝ። ጀምር ያለኝ ኤፕሪል 1 ነው። ማርች 2 ማታ ለአለቃዬ በዋትሳፕ ጻፍኩላት። «አመሰግናለሁ፣ በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ» የምትል ቆንጆ መልእክት። በልቤ «አሁንስ እንደ ሰው ተሰናበትኩ» ብያለሁ።

በማግስቱ መለሰችልኝ። መጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ አለች። ቀጥላ ይህ ኩንዲጉንግ አይደለም አለች። እዚህ አገር የሥራ መልቀቂያ በወረቀት ተጽፎ፣ በብዕር ተፈርሞ፣ አሠሪው እጅ መግባት አለበት። ኢሜይል አይሆንም፣ ስካን አይሆንም፣ ዋትሳፕማ ጭራሽ። የዚያን ቀን ዕረፍት ላይ ነበርኩ። ወረቀቱን በማግስቱ፣ ማርች 4 ሰጠኋት።

አንዲቷ ቀን ምን እንዳመጣችብኝ ልንገራችሁ። በጀርመን ሕግ ሠራተኛው የአራት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ውሉ የሚያበቃው ግን በወሩ 15 ወይም በወሩ መጨረሻ ነው። ማርች 31 እንዲያበቃልኝ ወረቀቱ ቢዘገይ ማርች 3 መድረስ ነበረበት። አንድ ቀን ስላሳለፍኩ ውሌ እስከ ኤፕሪል 15 ተዘረጋ። ለአንድ ቀን አሥራ አምስት ቀን! እኛ አገር «ነገ አመጣዋለሁ» የሚባል ነገር አለ። እዚህ ነገ ሌላ ቀን ነው።

በቃ ልጥፋ ብዬ ማሰቤ አልቀረም፤ ልምዱ አለኝ። አንድ እዚህ ብዙ የኖረ ወዳጄ ነው የገታኝ። «ፍርድ ቤት በግድ ና ሥራ አይልህም፤ ግን ውልህን አንብበው» አለኝ። ባነበው ሳያስጠነቅቅ የሄደ የአንድ ወር ደመወዝ ቅጣት ይከፍላል የሚል አንቀጽ አለበት። የአዲስ አበባው አንድ ወር ፍራንክፈርት ድረስ ተከትሎኝ መጥቷል።

መፍትሔው እንዲህ ቀላል መሆኑ አሁንም ይገርመኛል። ሄጄ ነገርኳት። አውፍሄቡንግስፌርትራግ የሚሉት ነገር አለ፤ ሁለቱም ወገን ተስማምተው ውሉን በፈለጉት ቀን የሚያፈርሱበት ወረቀት። «ሁለት ቅዳሜ ተጨማሪ ግባልኝና ማርች 31 እንጨርስ» አለች። ፈረምን። አልቋል። ቁጣ የለ፣ ኩርፊያ የለ፣ «ይህን ሁሉ አድርጌልህ» የለ።

(ሥራ ሳይይዙ ለሚለቁ አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ተስማምቶም ይሁን በገዛ ፈቃዱ፣ በቂ ምክንያት ሳይኖረው የለቀቀ ሰው የሥራ አጥ ክፍያው እስከ 12 ሳምንት ሊታገድበት ይችላል። ሳያውቁ ፈርመው የተቸገሩ ልጆች አውቃለሁ።)

ሽኝትም የለም፣ ይህንንም ልናገር። የመጨረሻዋ ቀን ሽርጤንና ቁልፌን አስረክቤ፣ ፈርሜ፣ በጓሮ በር ወጣሁ። አዲስ አበባ ቢሆን መዋጮ ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ኬክ ይቆረጣል፣ አለቃው ዓመቱን ሙሉ ያልተናገረውን ምስጋና ያን ቀን ያዘንበዋል። እኔ ደብቄ በመሄዴ ያጣሁት ይህንን ነው። ከወር ደመወዙ ይልቅ የሚቆጨኝም እሱ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጾይግኒስ መጣልኝ፤ የእኛ «የሥራ ልምድ» መሆኑ ነው። የእኛው የሥራ ዓይነት፣ ዘመንና ደመወዝ ይጽፋል፣ ያበቃል። የእነሱ ያሞግሳል። «ሥራውን በሙሉ እርካታችን ፈጽሟል» ይላል። ደስ ብሎኝ ለወዳጄ አሳየሁት። አንብቦ «ሁልጊዜ የምትለዋ ቃል የለችም» አለኝ። «ሁልጊዜ በሙሉ እርካታችን» ከተባለ ጥሩ ነው። «ሁልጊዜ» ከሌለች መካከለኛ ነው። ሰምና ወርቅ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ጀርመኖች ለካ በሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ይቀኛሉ።

እንዲህ እያልኩ የምስቀው ግን በር ከፍቼ መውጣት የምችል ሰው ስለሆንኩ ነው። ቤይሩት ሰው ቤት የሠራች የአጎቴ ልጅ አለችኝ። እዚያ ለቀቀች አይባልም። ጠፋች ነው የሚባለው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አውጥቷታል። መኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ስም ጋር የታሰረ ነው፤ ሳይፈቀድላት ከወጣች ፈቃዷም አብሮ ይወድቃል። የአጎቴ ልጅ ደመወዟ ለሰባት ወር ተይዞባት ነው በሌሊት የወጣችው። ማስጠንቀቂያውን መስጠት የነበረበት ማን ነበር?

ባለፈው ዓመት ለዕረፍት አዲስ አበባ ገባሁ። የአክስቴን ባል እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ተው፣ ተነሣ፣ ድሮ ያለቀ ነገር» አሉኝ። ከዚያ ቸኮሌት ይዤ የድሮ ቢሮዬ ሄድኩ። የሥራ ልምድ ፈልጌ ነበር። ሕጉ ሠራተኛው ሲጠይቅ በነጻ ይሰጠው ይላል፤ ቢሮ ግን የራሱ ሕግ አለው። የአስተዳደር ኃላፊዋ አቅፋ ሳመችኝ። ሰደበችኝ። ቡና አዘዘችልኝ። ፋይሌን ከመደርደሪያ አውርዳ ገለጠችና መነጽሯን አደረገች።

«ክሊራንስህን አልጨረስክም እኮ። ንብረት ክፍል አልፈረመልህም።»

«ምን ቀረብኝ?»

«አንድ ካልኩሌተር።»

ፍራንክፈርት ነው ያለው። ጠረጴዛዬ ላይ።