"ልጃችሁ የት ነው የሚሠራው?"

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ የእህቴ ልጅ ሽማግሌ ላከ። እነእህቴ የሚኖሩት አዲስ አበባ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ሦስት ሰው ሄደ፤ የሰፈሩ የእድር ዳኛ፣ ታላቅ አጎቱና የንስሐ አባቱ። ጨዋታው ጥሩ ተጀምሮ ነበር። አገሩ ተጠየቀ፣ ቤተሰቡ ተጠየቀ። ከዚያ የልጅቷ አባት "ልጃችሁ የት ነው የሚሠራው?" አሉ። የእድር ዳኛው ትንሽ አሰብ አድርገው "ባንክ ይሠራ ነበር" ብለው መለሱ።

"ነበር?" አሉ አባትየው።

ሽማግሌዎቹ "ተመካክረን እንጠራችኋለን" ተብለው ተመለሱ። እህቴ በስልክ ስትነግረኝ እንባ እየተናነቃት ነበር። ልጇ ባንኩን ከለቀቀ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በኢንተርኔት፣ ለውጭ አገር ድርጅቶች የድረ ገጽና የሞባይል መተግበሪያ ዲዛይን ይሠራል። በወር የሚያገኘው ባንክ ሳለ ይከፈለው ከነበረው ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው እሱ ነው። የታናሽ እህቱን የኮሌጅ ክፍያ የሚሸፍነው እሱ ነው። ያቺ "ነበር" ግን ቤቱን በሙሉ አናወጠችው።

ይህ ነገር ለእኔ እንግዳ አይደለም። እኔም አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበትን የሆቴል ሥራ በ2022 ለቅቄ ከቤቴ መሥራት ጀመርኩ። የጽሑፍ ትርጉም እሠራለሁ፣ በስልክና በቪዲዮ ደግሞ አስተርጓሚ ነኝ። በዚህ አካባቢ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ሁሌም ይፈለጋል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የቋንቋ ሕግ ካወጣች ጀምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ፍርድ ቤቱም አስተርጓሚ ይጠራል። ስለዚህ ሥራ አጣለሁ ብዬ አልሰጋሁም። ሳላስበው የቀረው ሌላ ነገር ነው።

ደሞዝ ብር ብቻ ይመስለናል። ስንለቀው ነው ምን ምን አንጠልጥሎ ይዞልን እንደነበር የምናየው።

እኔን ማንም "የት ነው የምትሠሪው?" ብሎ አልጠየቀኝም። እዚህ የሰው ሥራ የሰው ጉዳይ ነው። የጠየቀኝ የጤና ኢንሹራንሱ ነው። ሥራውን የለቀቅኩ ወር መጨረሻ ላይ ካርዳችን መሥራት አቆመ። ባለቤቴ ኡበር ነው የሚነዳው፤ እሱም ኢንሹራንስ የሚሰጠው አሠሪ የለውም። ሁለት ልጆች አሉን። ኮብራ በሚሉት ሕግ በቀድሞው ኢንሹራንስ እስከ 18 ወር መቆየት ይቻላል። ግን አሠሪው ይከፍል የነበረውን ድርሻ ጭምር ሙሉውን የምትከፍለው አንተ ነህ፤ በላዩ ላይ 2 ከመቶ ይጨመርበታል። ሂሳቡን ሳየው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ደግነቱ የሥራ ኢንሹራንስ የተቋረጠበት ሰው በ60 ቀን ውስጥ በግዛቱ የኢንሹራንስ ገበያ መመዝገብ ይችላል። በዚያ ገባን። ቀኑን ያስታወሰኝ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እሱ ባይደውልልኝ እስከ ኅዳሩ ምዝገባ ድረስ ልጆቼን ያለ ኢንሹራንስ ላቆያቸው ነበር።

ቀጥሎ ግብሩ መጣ። ሆቴል ሳለሁ ከደሞዜ ተቆርጦ የተረፈው ነበር የሚሰጠኝ። ሌላውን አላውቅም ነበር። አሁን ግን የ1099 ፎርም ነው የሚላክልኝ። ምንም ያልተቆረጠለት ገንዘብ ማለት ነው። ተቀጣሪ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር፣ ማለትም ለጡረታውና ለአረጋውያን ሕክምናው፣ 7.65 ከመቶ ሲከፍል አሠሪውም ያንኑ ያህል ይከፍልለታል። የራሱ ሠራተኛ የሆነ ሰው ግን ሁለቱንም ድርሻ ነው የሚችለው፤ 15.3 ከመቶ። የገቢ ግብሩ ገና ሌላ ነው። ይህን ሁሉ በየሩብ ዓመቱ እያሰሉ መላክ ያስፈልጋል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት አልላክሁም። ሚያዝያ ላይ የመጣብኝን ዕዳ ለመክፈል የእቁብ ዕጣዬን ቀድሜ ለመንኩ። የእቁቡ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ፈቀዱልኝ።

እዚህ ያለው ነገር ግን ከባድ ቢሆንም መንገድ አለው። ግብር ከከፈልኩ የሠራሁት ሥራ ይቆጠርልኛል፤ ስሸመግል ጡረታዬ ላይ ይገባል። ቤት ልግዛ ብል ባንኩ የሁለት ዓመት የግብር ወረቀቴን ይጠይቀኛል። አምጥቼ እሰጣለሁ። መንግሥት ዘንድ እኔ የምሠራ ሰው ነኝ።

የእህቴ ልጅ ይህ የለውም። ባንክ ሳለ ከደሞዙ 7 ከመቶ ለጡረታ ይቆረጥ ነበር፤ አሠሪው 11 ከመቶ ይጨምርለት ነበር። ያ ቀረ። አምና የአክስቱ ልጅ በገንዘብ ያዥነት ተቀጠረችና ዋስ አምጪ ተባለች። እሱ "እኔ እሆንላታለሁ" ብሎ ሄደ። የደሞዝ ደብዳቤ አምጣ ተባለ። ከየት ያምጣ? በመጨረሻ ዋስ የሆኗት መምህር የሆኑት አጎታቸው ናቸው። የአጎቱ ደሞዝ የእሱን የወር ገቢ ሩብ አይሞላም። ግን ደሞዝ ነው፣ ማህተም አለው። "አክስቴ፣ ያን ቀን ሰው ያልሆንኩ መሰለኝ" አለኝ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይህ ነው። ባንኩ ዶላሩ በየወሩ ሲገባ ያያል። ለአገር የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣ ልጅ ነው። ያው ባንክ ብድር ሲጠይቀው የአሠሪ ደብዳቤ ይለዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ የገባ ገንዘብ ከአንድ ማህተም ያነሰ ማስረጃ የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው? ይህን ማስተካከል የባንኮቹ እጅ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ነገ ሊጀምሩት ይችላሉ።

ዶላሩ እንዴት እንደሚገባም ላንሳ። ፔይፓል የሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ መላኪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ገንዘብ መቀበል አይፈቅድም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ልጆች ውጭ ያለ ዘመድ ነው የሚለምኑት። እኔም ተለመንኩ፤ እሺ አልኩ። ለሰባት ወር የሱ ገንዘብ በእኔ አካውንት ገባ። በኋላ ግብር የሚሠራልኝ ሰው ሲያይ ደነገጠ። በስሜ የገባ ገንዘብ የእኔ ገቢ ነው የሚመስለው፤ እንዳልሆነ በወረቀት ማስረዳት ያለብኝ እኔ ነኝ። እዚህ ያላችሁ ወንድም እህቶቼ፣ ዘመዳችሁን ለመርዳት ብላችሁ ይህን የምታደርጉ ካላችሁ እያንዳንዱን ደረሰኝ አስቀምጡ። አሁን ልጁ ፔዮነር በሚባል ሌላ አገልግሎት በኩል በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ አካውንቱ ይገባለታል።

ያኔ ግን በባንክ ማስገባት ራሱ ጉዳት ነበረው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ እስኪለቀው ድረስ ባንክ አንዱን ዶላር በ57 ብር ገደማ ነበር የሚቀይረው። በጥቁር ገበያው እጥፍ ገደማ ነበር። በሕጋዊ መንገድ ያስገባ ልጅ የላቡን ግማሽ ያጣ ነበር። ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ የባንኩም ዋጋ ከ100 ብር አለፈ። ልጁ በብር ሲቆጠር ገቢው አደገ። ዘይቱም፣ ኪራዩም አብሮ አደገ እንጂ!

ሌላው የማይገባን ነገር ሰዓቱ ነው። አብዛኞቹ ደንበኞቹ እዚህ እኔ ያለሁበት የአሜሪካ ክፍል ናቸው። በበጋ የሰባት፣ በክረምት የስምንት ሰዓት ልዩነት አለን (እዚህ ያለውን በጋና ክረምት ማለቴ ነው)። እነሱ ቢሮ ሲገቡ እሱ ጋ ይመሻል። ስለዚህ ሌሊት ይሠራል፣ ጠዋት ይተኛል። ጎረቤት የሚያየው ጠዋት የሚተኛውን ጎልማሳ ነው። "ልጅሽ ሥራ አላገኘም እንዴ?" ይሏታል እህቴን። "ኦንላይን ነው የሚሠራው" ስትል "እሱማ የኔም ልጅ ሲነካካ ነው የሚውለው" ይሏታል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ አለ። ኢንተርኔት ሲቆም አለ። በሰኔ 2012 መጨረሻ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ እሱ ገና ተማሪ ነበር። የጓደኛው ታላቅ እህት ግን ያኔ ለአንድ የውጭ ድርጅት መረጃ ታደራጅ ነበር። ለደንበኛዋ "ጠፋሁ" የምትልበት መንገድ እንኳ አልነበራትም። ስትመለስ ሥራው ለሌላ ተሰጥቷል። እንዲህ ያለ ሥራ በሚገኝባቸው የኢንተርኔት መድረኮች ላይ ደግሞ ስምህ ነው ሀብትህ። አንድ ደንበኛ መጥፎ ውጤት ከሰጠህ ቀጣዩ አያይህም። ኮሚሽኑም ቀላል አይደለም፤ ከመድረኮቹ አንዱ ፋይቨር ከ100 ዶላር 20 ዶላሩን ይወስዳል። ልጁ ባትሪና ሁለት የተለያዩ ሲም ካርዶች ገዝቷል፤ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ አንዱ የሳፋሪኮም። አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው ይዞራል። ያ ሁሉ ከኪሱ ነው።

የእኔ ቤት መብራት አይሄድም። የእኔ ችግር ሌላ ነው፤ እስካሁንም አልለመድኩትም።

አስተርጓሚ ሲያስተረጉም በሰውየው ቦታ ሆኖ ነው የሚናገረው። ታማሚዋ "ደረቴን ይወጋኛል" ስትል እኔም በእንግሊዝኛ "ደረቴን ይወጋኛል" ነው የምለው። ዶክተሩ "ካንሰር ነው" ሲል ያን ቃል በአማርኛ ለእናትየው የምናገረው እኔ ነኝ። ለቅሶዋን እሰማለሁ። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። የታማሚ ምስጢር ነውና ለባሌም አልነግረውም። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ክፍያው በደቂቃ ስለሆነ ቀጣዩ ጥሪ ሲመጣ አነሳለሁ። ሆቴል ሳለሁ እንግዳ ሰድቦኝ እንኳ ጓዳ ገብቼ ከሐረሯ ልጅና ከሳልቫዶሯ ሴትዮ ጋር ቡና እጠጣ ነበር። ምሳ እንቀያየር ነበር። ያኔ ቁምነገር አልመሰለኝም። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ቀን፣ ሥራ ኖረም አልኖረም፣ አንድ የሐበሻ ካፌ ሄጄ ከአንዲት እንደ እኔው ከምታስተረጉም ሴት ጋር እቀመጣለሁ። ስለ ታማሚ አናወራም። ዝም ብለን ቡና እንጠጣለን።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ብቻውን መሆን ነው የጠማው። ስብሰባ ላይ ሆኖ እንግዳ ይገባል። ተነስቶ ሰላም ካላለ ነውር ነው። እናቱ ቡና ታፈላለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጭሱ ካሜራው ድረስ ይደርሳል። ግን ታይፎይድ ታሞ ሦስት ሳምንት ሲተኛ ምጥን አጥሚት የቀረበለት ከዚያው ቤት ነው። ስለ ኪራዩ ማንም አላስጨነቀውም፤ አጎቱ ሸፈኑ። እኔ ጀርባዬን አሞኝ ሁለት ሳምንት ስተኛ የገባ ገቢ አልነበረም። የቤት ኪራዩ ግን በወሩ መጀመሪያ ቀን ተቆረጠ።

የትርጉም ሥራውም እየተቀየረ ነው። ደንበኛ አሁን "ማሽን የተረጎመውን አርሚልን" ይላል፤ ዋጋውን ግማሽ ያደርገዋል። ማሽኑ ለሰማንያ ዓመት አሮጊት የተጻፈ የሆስፒታል ደብዳቤ ላይ "አንተ መድኃኒትህን ውሰድ" ይላል። "እርስዎ" ብሎ ማስተካከል እያንዳንዱን ግሥ መንካት ነው፤ እንደ አዲስ መተርጎም ነው። ይህን በግማሽ ዋጋ አልቀበልም ብዬ ሁለት ደንበኛ አጥቻለሁ። ሌሎች ሁለት ቆይተዋል።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጅቷ አባት ደወሉ። ልጁ ራሱ ሥራውን ይዞ ይምጣ አሉ። ላፕቶፑን ይዞ ማታ ሄደ። ያን ሰሞን አንድ ቶሮንቶ ካለ ደንበኛ ጋር ስብሰባ ነበረው፤ እሳቸው ቤት ሳሎን ተቀምጦ አደረገው። አባትየው ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ናቸው። ከጎኑ ወንበር ስበው ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ስብሰባው ሲያልቅ "ይህ ሰውዬ ፊትህን ያውቀዋል?" አሉት። "ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነን።" "ባትጨርስለት ምን ያደርግሃል?" "ስሜን ያጠፋዋል።" "እኛም እንዲያ ነበርን" አሉ።

ሠርጉ በጥር ነው። ሦስት ሳምንት ጥሪ እንደማልቀበል ለምሠራላቸው ድርጅቶች ነግሬያለሁ። የሚከፈለኝ የዓመት ፈቃድ የለም። ቲኬቱን ቆርጫለሁ፤ ለልጁ አዲስ ባትሪ ሻንጣዬ ልክተት ብዬ ነበር፣ አውሮፕላን ላይ የሚፈቀደው መጠን ትንሽ ሆነብኝ። በምትኩ በሩን ሲዘጋ የሚለጥፈው "ስብሰባ ላይ ነኝ" የሚል ጽሑፍ በትልቁ አሠርቼለታለሁ። በአማርኛ ነው፤ "እባክዎ" ብሎ ይጀምራል።