«ሻካራ ነው ለስላሳ?» እያላችሁ ቬኒየሩን ጨረሳችሁት

ጎበዝ፣ ይሄ ስለ ብርጭቆ ወረቀትና ስለ ቬኒየር (ኮምፔርሳቶ ላይ ስለሚለጠፈው ስስ የእንጨት ልባስ) የተጻፈ ብሶት ነው። ረዘም ይላል፤ የቸኮለ ይለፈው።

ተክለ ሃይማኖት ወይም መርካቶ ወርዳችሁ ብርጭቆ ወረቀት ጠይቁ። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ሻካራ ነው ለስላሳ?» ቁጥር ብሎ ነገር የለም። 180 ስጠኝ ያለ ሰው ነገር ፈላጊ መስሎ ነው የሚታየው። ባለ ሱቁ ከጥቅሉ አንዱን መዝዞ በአውራ ጣቱ ዳበስ ያደርግና «ይሄ ይሆንሃል ወንድሜ» ይላል። ጀርባው ሲገለበጥ 100 ነው። «ኧረ ይሄ 100 ነው» ሲባል ደግሞ «ያው ነው እኮ፣ ሲሠራበት ይለሰልሳል!» ኧረ በሕግ አምላክ፣ ያው አይደለም!

ለዋንዛ ጣውላ ያው ቢሆን እንኳ ይታለፋል። ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር የወፈረ ጣውላ ግማሽ ሚሊ ቢጎድልበት ማንም አያውቅበትም። ኮምፔርሳቶ ላይ የተለጠፈው ቬኒየር ግን ራሱ ግማሽ ሚሊ ነው፤ ያውም ደህና የሚባለው። ርካሹ 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። ሰው «ባለ 18 ሚሊ ነው የገዛሁት፣ ወፍራም ነው» ብሎ ይኩራራል። 18 ሚሊው የሆዱ ውፍረት ነው። ገንዘብ የተከፈለበት ያ የኦክ ወይም የማሆጋኒ መልክ ግን ከላይ ያለው ስስ ልባስ ብቻ ነው።

ቁጥሩ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ላይ የተለጠፈው የሚቧጭረው ፍሬ ይደቃል። በአውሮፓው ልክ (ከቁጥሩ በፊት «ፒ» ያለበት ማለት ነው) የ80 ቁጥር ፍሬ በአማካይ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። የ120ው 0.125፣ የ180ው 0.08 ገደማ፣ የ220ው 0.07 ገደማ፣ የ400ው 0.035 ነው። እስቲ 80ውን ከቬኒየሩ ጋር አስተያዩት። አንዲት ፍሬ ብቻዋን የርካሹን ቬኒየር ያህል ትወፍራለች! ፍሬዋ ሙሉ በሙሉ እንጨት ውስጥ አትሰምጥም፣ እሱ እውነት ነው። ግን የጫረችው መስመር እንዲጠፋ በዙሪያው ያለው እንጨት ሁሉ እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ መውረድ አለበት። ቬኒየር የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ 80ው ሲሠራ ብቻ ሳይሆን 80ው የሠራው ሲስተካከል።

እና ለምን በ80 ይጀመራል? ከጣውላ ሥራ የመጣ ልማድ ስለሆነ ነው። ከመጋዝ የወጣ ጣውላ ሻካራ ነው፤ ፒያላ (መላጊያ) ይመታል፣ ከዚያ 80፣ ከዚያ 120። ቬኒየር ያለው ኮምፔርሳቶ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ በትልቅ ማሽን ታሽቶ፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 150 ወይም 180 ደርሶ ነው የሚመጣው። አብዛኛው ሥራ አልቋል! የቀረው የመጓጓዣውን ቆሻሻ፣ የእጅ ቅባቱን፣ የእርሳስ ምልክቱን ማንሳትና ገጹን ለቀለም ማዘጋጀት ነው። በ80 መጀመር ፋብሪካው የሠራውን አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው፤ ያውም በራስ ቬኒየር።

ደህና ለሆነ ሉህ መነሻው 180 ነው። የውኃ ምልክት፣ የደረቀ ኮላ ወይም ቆሞ የተነሳ የእንጨት ክር ካለ 150፣ እሱም ለገጹ ሁሉ በስሱ እንጂ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ አይደለም። አንድ ቦታ ብቻ ከታሸ ይጎደጉዳል፤ ጉድጓዱ ደግሞ ቫርኒሽ ሲያበራ ይታያል። ከ180 በኋላ 220፣ ከዚያ ማቆም። በቃ። ሁሉም በእንጨቱ ክር አቅጣጫ፣ ማለትም እንጨቱ በተፈጥሮው በሚሄድበት መስመር። አግድም የተሄደ የ150 ጭረት በደረቅ እንጨት ላይ አይታይም፤ ጥቁር ማሆጋኒ ቀለም ሲገባበት ግን ድመት የቧጠጠችው ይመስላል። ከተማችን ደግሞ ጥቁርና አብረቅራቂ ትወዳለች፤ ሁለቱም ጭረትን የሚያጋልጡ ናቸው።

ምን ያህል ይታሽ ለሚል፣ እርሳስ አንስቶ ገጹን በስሱ ማዥጎርጎር ነው። አለመጫን ነው ታዲያ። እርሳሱ እኩል የጠፋ ዕለት የዚያ ቁጥር ሥራ አለቀ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አይጨመርም። አንዱ ጥግ ቶሎ ጠፍቶ ሌላው ከቀረ እጅ አንድ ወገን እየተጫነ ነው ማለት ነው። ይህን ለማድረግ አንድ እርሳስ ይበቃል፤ ግን «ዓይኔ ይበቃኛል» የሚል ነው የበዛው።

አሁን ወደ ዋናው እብደት፣ ወደ ዝላዩ እንምጣ። በ80 ይጀመራል፣ ቀጥሎ «ለስላሳ» ተብሎ የተገዛው 400 ይመጣል። መሀሉ ባዶ ነው። 400 ቁጥር የ80ን ጭረት ማውጣት አይችልም፤ የጉብታውን አናት ብቻ አለስልሶ ያልፋል። መዳፍ ሲያልፍበት ሐር ይመስላል፣ ደንበኛውም ዳብሶ «ዋው» ይላል፣ ጭረቱ ግን ታች ተቀምጧል። ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ሲኬድ ከአንድ ተኩል እጥፍ ብዙም ባይዘል ደግ ነው፦ 120፣ 180፣ 220። ሌላም አለ። ባዶ እንጨትን በ400 ማሸት ገጹን ያብረቀርቀውና ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ማቅለሚያው እኩል አይጠጣም፣ ይገረጣል ወይ ይዥጎረጎራል። ከዚያ «ቀለሙ ተበላሸብኝ፣ ቲነሩ ነው» ይባላል። ቲነሩ ምን አደረገ?

ስለ ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ «ፒ» የሌለበት 320 ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። የአሜሪካው ልክ እስከ 220 ድረስ ከአውሮፓው ጋር ይቀራረባል፤ ከዚያ ወዲያ ይለያያሉ። የአሜሪካው 320 ከአውሮፓው 400 ጋር፣ የአሜሪካው 400 ደግሞ ከአውሮፓው 800 ጋር ነው የሚቀራረበው። አንዱን ከአንዱ ቀላቅሎ መሥራት ሌላ ችግር ነው።

«የተበላ 120 እንደ 220 ያገለግላል» የሚለው የወርክሾፕ ተረት ደግሞ አለ። አያገለግልም! የተበላ ወረቀት ላይ ፍሬው እኩል አይደለም። አብዛኛው ደንዝዞ ይፈትጋል፣ ጥቂቱ ሹል ሆኖ ይቀርና እንደ 120 ይቧጭራል፣ መሀሉ በዱቄት ተደፍኖ እንጨቱን ያሞቀዋል። አንድ ሉህ 23 በ28 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በብረት ማስመሪያ ጠርዝ ተጎትቶ አራት ቦታ ይቀደዳል፣ አንዱ ሩብ ሲደፈን በብሩሽ ይራገፋል፣ ተራግፎ ካልነከሰ ይጣላል። እዚህ ላይ የሚቆጥብ ሰው ኮምፔርሳቶው ላይ ይከፍላታል።

ጥቁሩን የውኃ ወረቀት ባዶ ቬኒየር ላይ የምታሹ ወገኖችም አላችሁ። እሱ ለመኪና ቀለም ነው፤ ሶማሌ ተራ አካባቢ ላሉ ቀለም ቀቢዎች ይመቻቸዋል። ነጣ ባለ ኦክ ወይም ቢች ላይ ጥቁር ብናኙ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ለባዶ እንጨት ቡናማው ወይም ነጩ ይሻላል፤ ነጩ በተለይ ቶሎ አይደፈንም። ጥቁሩ ቦታው መጨረሻ ላይ፣ የደረቀ ቫርኒሽ ላይ ነው።

ግራይንደርስ? እባካችሁ፣ ግራይንደር የብረት መሣሪያ ነው። ትንሹ በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይዞራል። ቬኒየር ላይ ሲያርፍ ለመሳት ጊዜ እንኳ አይሰጥም፤ ነክቶ ሳይነሳ ግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ቁስል ትቶ ይሄዳል። የቀበቶ ሳንደርም (በሚዞር የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ የሚያሸው ማሽን) እንዲሁ። የሚንቀጠቀጠው ትንሹ ሳንደር በ180 ወይም በ220 ይቻላል፤ በራሱ ክብደት ብቻ፣ ሳይጫኑት፣ ሳያቆሙት፣ ከጠርዝ ገባ ብሎ። የመጨረሻው 220 ግን በእጅ፣ በእንጨቱ ክር መስመር ይሁን፤ ማሽኑ የሚተዋቸው ክብ ክብ ጭረቶች በሌላ አይጠፉም። በእጅ ሲሆንም ወረቀቱን በጣት ይዞ ማሸት የለም። ጣት ጉድጓድ ይሠራል። ሰባት በአስራ አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ቁራጭ፣ ሥሩ ላይ ቡሽ ወይም ወፍራም ጨርቅ ተለጥፎበት፣ ሥራውን ይሠራል።

የተገሸለጠ ቬኒየር የት እንደሚገኝ ልንገራችሁ፤ ሁሌም ጠርዝ ላይ ነው። በኮምፔርሳቶው ጠርዝ የሚለጠፈው ቀጭን ጣውላ ከቬኒየሩ ከፍ ብሎ ሲቀር ያንን ለማውረድ ብርጭቆ ወረቀት ይነሳል። ወረቀቱ ግን ጣውላውንና ቬኒየሩን አይለይም፤ ጣውላው ገና ሳይወርድ ቬኒየሩ ያልቃል። ይህ የፒያላ ሥራ ነው፤ ምላጩ ተስሎ፣ በጣም በስሱ ወጥቶ። ፒያላው ወረቀት ያህል ሲያስቀር ያን ጊዜ ብቻ 180። ማለቁ መጀመሪያ የሚታወቀው በቀለም ነው፤ አንድ ቦታ ደብዘዝ ትላለች፣ ቢጫ ነገር ትሆናለች፣ ቀጥሎ ከታች ያለው ድርብ በአግድም ብቅ ይላል። ያኔ እጅ ማንሳት ነው። «ትንሽ ላስተካክላት» ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ስቱኮም አያድነውም፤ ስቱኮ ቀለም አይጠጣም፣ ማዲያት ሆኖ ይቀራል። ያለው መፍትሔ ቀለም የገባበትን ላከር (ቶሎ የሚደርቅ የቫርኒሽ ዓይነት) በስሱ ደራርቦ ማመሳሰል ነው፣ ወይ አዲስ ቬኒየር።

ኮላ ሲፈስ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ። ከደረቀ ቀለም አያስገባም። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ገጹን በቲነር እርጥብ ማድረግና የስልክን መብራት ከገጹ ጋር ትይዩ አጋድሞ ማብራት ነው፤ የቀረ ኮላም፣ አግድም ጭረትም፣ ጉድጓድም ያኔ ይታያል። ከጣሪያ በተሰቀለ አምፖል ሥር ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። ዕቃው ቤት ገብቶ መስኮት አጠገብ ሲቆም ነው ጉዱ የሚወጣው።

ከየቁጥሩ በኋላ ዱቄቱ ይጠረግ። አንዲት የ150 ፍሬ ገጹ ላይ ከቀረች የ220ውን ሥራ ታበላሻለች። በኮምፕሬሰር የምትነፉ ደግሞ መጀመሪያ የታንኩን ውኃ አፍስሱ።

ማቅለሚያው ከገባ በኋላ ሲለር (ከቫርኒሽ በፊት የሚቀባው መሠረት) ሳይቀባ በወረቀት አይነካም፤ ቀለሙ ከጠርዝ ይላጣል። አንድ ዙር ሲለር፣ ይድረቅ፣ ከዚያ 320 በጣም ቀላል እጅ፣ ሁለት ሦስት ምልልስ። ነጭ ዱቄት ካወጣ ደርቋል። እየተጠቀለለ ወረቀቱ ላይ ከተጣበቀ አልደረቀም፤ መጠበቅ ነው። በቫርኒሽ ዙሮች መሀል 320 ወይም 400። ዓላማው የቆሙትን ጥቃቅን ክሮች መቁረጥና ቀጣዩ ዙር የሚይዝበትን መፍጠር ነው፤ የቫርኒሹን ሽፋን ለመጨረስ አይደለም።

ክረምት ላይ ነገሩ ይብሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም እንጨቱ እርጥበት ይስባል፣ ወረቀቱ ቶሎ ይደፈናል፣ ኒትሮ ላከር ዝናብ እየዘነበ ከተረጨ ነጭ ጉም ይይዛል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ «ሁለት ቀን ጨምሩልኝ» ሲል ደንበኛው ይቆጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ነው፤ «ለቅዳሜ ምርቃት አለብን» ብሎ በአርብ ማታ የሚያጣድፍ ደንበኛ ከ80 ወደ 400 የሚዘለውን አናጺ ራሱ እየፈጠረው ነው።

የሒሳቡን ነገር ደግሞ ስሙ። ለአንድ ባለ ሁለት በር ቁም ሣጥን ከ180ው አራት አምስት ሉህ፣ ከ220ው ያንኑ ያህል፣ ከ320ው ሦስት አራት ሉህ ቢያዝ ይበቃል፤ 150 አንድ ሁለት ለመጠባበቂያ። 80 ዜሮ! ይህ ሁሉ ተደምሮ የአንድ ባለ 18 ሚሊ ቬኒየር ኮምፔርሳቶ ዋጋ አጠገብ አይደርስም። ሆኖም ዋጋ ሲደራደር መጀመሪያ የሚቆረጠው የወረቀቱ ነው፤ «በአንድ ሁለት ሉህ አብቃቃው» ይባላል፣ ይብቃቃል፣ ከዚያ የተገሸለጠውን በር ማን ይክፈል በሚለው ሁለቱም ወገን ሽማግሌ ይቀመጣል።