የመንግሥት በቅሎ ትባረክ

ኧረ የመንግሥት በቅሎን የመሰለ ጸጋ የት ይገኛል! የቀደሙት አባቶች ለአንበሳ እየተጣሉ ምን አተረፉ? ብልጦቹ የአራተኛው መቶ ዓመት ጳጳሳት ናቸው፣ የቤተ መንግሥት ደጅ መጥናትን ለዓለም ያስተማሩ።

በ325 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ኒቅያ ላይ የጳጳሳት ጉባኤ ጠራ። መጓጓዣው በመንግሥት፣ ቀለቡ በመንግሥት። በኋላም ቤተ መንግሥት ግብር ተጠሩ። በሩ ላይ ጠባቂዎቹ ሰይፋቸውን መዘው ቆመዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያ ሰይፍ የሚመዘዘው ለእነሱው አንገት ነበር እኮ! አሁን በመሃሉ ዘና ብለው አልፈው ማዕድ ቀረቡ። የቂሳርያው ጳጳስ አውሳብዮስማ የክርስቶስን መንግሥት ያየ ነበር የመሰለው። አይፈረድበትም፣ ጥጋብ ያናግራል።

ደግሞ ሥራ ያቀላል! ወንድምህ በሃይማኖት ቢከራከርህ ምን ጾም፣ ምን መጽሐፍ መግለጥ ያስፈልጋል? ለንጉሡ ሹክ ማለት ነው። ወልድ ፍጡር ነው ያለው አርዮስ ሲጋዝ እልል አልን። ያጋዘው ንጉሥ ራሱ መልሶ ሲጠራው ግን እልልታው ጉሮሯችን ላይ ቀረ። ቀጥሎ ተራው የአርዮስ ተቃዋሚ የነበረው የእስክንድርያው ጳጳስ የአትናቴዎስ ሆነ። ክሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከእስክንድርያ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚጫነውን እህል አስቀራለሁ ብሏል አሉ። ስለ ሥላሴ አንድ ቃል የለበትም፣ ስለ ስንዴ ነው። በቃ፣ ትሪየር ድረስ፣ የዛሬዋ ጀርመን ድረስ፣ ተጋዘ። በጵጵስና ዘመኑ 5 ጊዜ ነው የተሰደደው፣ ምክንያቱም ሰውየው ደጅ መጥናት አልሆነለትም፣ ገገማ ነበር።

የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስታንጥዮስ ሲነግሥ ጸጋው በዛ። አሚያኖስ የሚባል ወታደር፣ ክርስቲያን እንኳ ያልሆነ የታሪክ ጸሐፊ፣ ጳጳሳቱ በመንግሥት ከብት ከጉባኤ ጉባኤ እየተመላለሱ የመጓጓዣውን ጅማት በጠሱት ብሎ አማሯል። ምቀኛ!

በረከቱ ለእኛም ሊደርሰን ነበር። ቆንስታንጥዮስ ለአክሱሞቹ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፦ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩት፣ ጊዮርጊስ ይመርምረው። (ሰማዕቱ አይደለም፣ እንዳትቀላቅሉ። ይሄኛው በወታደር ታጅቦ የአትናቴዎስን መንበር የያዘው ነው።) የፍሬምናጦስ ጥፋት በአትናቴዎስ እጅ መሾሙ ነው። የሮም ንጉሥ የአክሱምን ጳጳስ ሃይማኖት ካላጣራ እንቅልፍ አይወስደው፣ አሳቢ ሰው ነበር። እኛ ጋ ግን ፍሬምናጦስ እስከ ዛሬ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው፣ ማጣሪያውን ማን እንደፈረመለት እንጃ።

ጊዮርጊስ ደጅ መጥናቱ በደንብ በጀው። እስከ 361 ድረስ። በዚያ ዓመት ንጉሡ ሞተ፣ ወሬው እስክንድርያ ደረሰ፣ ጊዮርጊስ ታሰረ፣ ብዙም ሳይቆይ ሕዝቡ ገደለው። ሬሳውን በግመል ጭነው ወደ ባሕሩ ዳር ወሰዱት። የመንግሥት በቅሎ አልተላከለትም።