ቀና ብላችሁ ጣሪያችሁን እዩ

የአዳማ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስለምወዳችሁ ነው የምቆጣችሁ።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ሱቅ ጄኔሬተሩን ያስነሳል፣ ጎረቤቱ ይከተላል፣ ከዚያ መንገዱ በሙሉ ይንደቀደቃል። ጭሱን የሚምጉት ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆቻችን ናቸው። በር ዘግታችሁ ውስጥ የምታስነሱም አላችሁ። ተዉ! በጭሱ ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ አለ፤ ሰው ይገድላል።

«ኮረብታው ላይ ይህ ሁሉ የነፋስ ተርባይን ቆሞልን እንዴት መብራት ይጠፋብናል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ የመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ግን ኃይሉ የሚገባው ወደ አገሪቱ ዋና መስመር ነው። የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ፣ ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ቢነፍስ ቤታችሁ አይበራም። በእጃችሁ ያለው ጣሪያችሁ ነው። እሱን ደግሞ ፀሐይ በከንቱ ያግለዋል።

ፀጉር ቤት ያላችሁ፣ እስቲ አብረን እንደምር። አንድ የፀጉር ማሽን ብዙውን ጊዜ 20 ዋት እንኳ አይበላም። ኤልኢዲ አምፖል 10 ዋት ገደማ ነው። ሁለት ማሽን፣ ሦስት አምፖል፣ ስልክ ቻርጅ፤ 100 ዋት አይሞላም። ለዚህ ነው ቤንዚን ተሰልፋችሁ የምትገዙት? አንድ መካከለኛ ሶላር ከጥሩ ባትሪ ጋር ይበቃችኋል።

ምጣድ ሌላ ነገር ነው። 3500 ዋት አካባቢ ይጎትታል፤ በትንሽ ሶላር አትሞክሩት። መብራት ሲኖር፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ ጋግሩ።

የስብሰባ እንግዳ የምታሳድሩ ባለሆቴሎች ደግሞ፣ በዚህ ፀሐይ ላይ ተቀምጣችሁ ውሃ በኤሌክትሪክ ቦይለር ስታሞቁ አታፍሩም? በፀሐይ የሚሞቀው የውሃ ታንከር ባትሪ እንኳ አይፈልግም።

ሶላር ገዝታችሁ የረሳችሁትም አላችሁ። ጎረቤቴ «ሶላሩ ሞተ» አለኝ። አብረን ጣሪያ ላይ ወጣን። ጣቴን ፓናሉ ላይ ባሳርፍ መስመር ወጣ፤ የአዳማ አቧራ ደፍኖታል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው። በማግስቱ ማታ ቤቱ በራ። የእናንተንም ነገ በጠዋት፣ ፓናሉ ሳይግል፣ ጥረጉት።