ሳሎን አውጪ፣ ኩሽና ተቀባይ

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ከሳሎን ተነስቼ ኩሽና ስገባ ዘፈኑም አብሮኝ እንዲገባ። መኝታ ቤት ስሄድም እንዳይለየኝ። እንደ ጥላ ማለት ነው። ለዚህ ብዬ ሦስት ስማርት ስፒከር፣ ማለትም ዋይፋይ የሚገባና በቃል የሚታዘዝ ድምፅ ማጉያ፣ ገዛሁ። ባለቤቴ ገና ካርቶኑን ሳልከፍተው «የአንዱስ ጩኸት መች አነሰን?» አለች። አንዱ ያለችው እኔን ይሁን ቴሌቪዥኑን አልጠየቅኳትም።

መጀመሪያ በብሉቱዝ ሞከርኩ። ብሉቱዝ በተለምዶ የአንድ ለአንድ ነገር ነው። ስልኬ ሳሎኑን ሲያገባ ኩሽናውን ይፈታል። ኩሽናውን መልሼ ሳገባው ሳሎኑ ያኮርፋል። በዚያ ላይ ስልኩን ኪሴ ከትቼ ትንሽ ራቅ ካልኩ፣ መሃል ላይ አንድ ሁለት ግድግዳ ከገባ፣ ዘፋኙ መንተባተብ ይጀምራል።

ከዚያ አንድ ብልሃት መጣልኝ። አንዱን ስፒከር ከእኔ ስልክ፣ ሌላውን ከልጄ ስልክ ጋር አገናኘን። አንድ ዘፈን መረጥን። እኔ ሳሎን፣ እሱ ኩሽና ቆመን፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለን እኩል ተጫንን። እኩል የተጫንን መስሎን ነበር። የእኔ አውራ ጣት ለካ ዕድሜ አላት። አንዱ ስፒከር አውጪ፣ ሌላው ተቀባይ ሆነው አረፉት። ዘፋኙ ኩሽና ውስጥ የተናገረውን ሳሎን መጥቶ ይደግመዋል።

ጆሮ እኮ ይቅር ባይ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ 10 ሜትር የራቀ ስፒከር 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሰናል። ይህችን ጆሮ አይቶ እንዳላየ ያልፋታል። የእኔን አውራ ጣት ግን አላለፋትም።

መድኃኒቱ ዋይፋይ ነው። ሁሉንም አንድ ዋይፋይ ላይ ታስገባቸዋለህ፣ መተግበሪያው ላይ አንድ ግሩፕ ትሠራላቸዋለህ። ከዚያ ወዲያ ስልክህ አዛዥ ብቻ ነው። ስፒከሮቹ ዘፈኑን ራሳቸው ከኢንተርኔት ያመጣሉ፣ ትንሽ ቀደም ብለው ያጠራቅማሉ፣ ሰዓታቸውን እርስ በርስ ያመሳክራሉ፣ ከዚያ በተባለችው ቅጽበት እኩል ይለቁታል። እኛ ቤት ሦስት ሰዎች ነን። በተባባልንበት ሰዓት እኩል ወጥተን አናውቅም። (ስፒከሮቹ ከአንድ ኩባንያ ቢሆኑ ይሻላል። የተለያየ ኩባንያ ከሆኑ ብዙ ጊዜ እንደተኳረፈ ጎረቤት ናቸው። ግድግዳ ይጋራሉ እንጂ አይነጋገሩም።)

ሁለቱ ገቡ። የመኝታ ቤቱ ግን እምቢ አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ለመንኩ። ልጄ መጥቶ አንዴ አየት አደረገና «አባዬ፣ በእንግዳው ዋይፋይ እኮ ነው ያስገባኸው» አለኝ። የእንግዳ ዋይፋይ ለመጣው ሁሉ ኢንተርኔት ይሰጣል፣ ከቤቱ ዕቃዎች ጋር ግን አያስተዋውቅም። ምስኪን፣ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ሲቆዝም ነበር ለካ።

ቀጥሎ ስም ማውጣት መጣ። ስፒከሯ ውስጥ ያለችው፣ በቃል የምናዛት ረዳት አማርኛ አታውቅም። እኔ በየዋህነት አንዱን «ሳሎን» አልኩት። «ሳሎን ላይ ሙዚቃ ክፈቺ» ብዬ በእንግሊዝኛ ባዝዛት፣ በአቅራቢያዬ ያሉ የውበት ሳሎኖችን ልዘርዝርልህ አለችኝ። ፀጉሬን ብታየው ባልቀለደችብኝ። ስለዚህ ሳሎናችን ሊቪንግ ሩም ተባለ፣ ሦስቱን የያዘው ግሩፕ ደግሞ ኤቭሪዌር። ባለቤቴም ለእኔ አውጥታ የማታውቀውን «ፕሊስ» ለእሷ ማውጣት ጀመረች።

አንድ ቀን አማቴ ሊጠይቁን መጡና ሳሎን ተኙ። እኔ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለስለስ ያለ ሙዚቃ፣ መኝታ ቤት ብቻ፣ በጣም ዝቅ ብሎ። በጨለማ ስልኬን አነሳሁና ነካ አደረግኩ። ጣቴ ያረፈችው ግን ከላይ ባለው ኤቭሪዌር ላይ ነበር። ድምፁም ቀን ቤት ስጠርግ ከፍ አድርጌ እንደተውኩት ነው።

ሦስቱም እኩል ጮኹ። አንዲት ሚሊ ሰከንድ አልተዛነፉም። ሁለት ሳምንት የደከምኩበት ነገር እንዲህ አምሮበት ሰምቼው አላውቅም። ባለቤቴ ከአጠገቤ «ስቶፕ!» አለች። ልጄ ከክፍሉ «ስቶፕ!» አለ። ረዳቷ ደግሞ ስሟ ካልተጠራ አትሰማም፣ ስሟንም በዚያ ድንጋጤ ያስታወሰ የለም። እኔ ከአልጋ ሥር የገባብኝን ስልክ ስዳብስ፣ ከሳሎን የአማቴ ድምፅ ተሰማኝ። «እባክዎ እመቤት፣ መሽቷል። ዝቅ ያድርጉልን።»

ጠዋት ስነሳ የሳሎኗ ስፒከር ከሶኬት ተነቅላለች። ላይዋ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎባታል። ልሰካት ጎንበስ ስል አማቴ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ተዋቸው ልጄ፣ ይረፉበት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሌሊቱን ሲዘፍኑ ነው ያደሩት።»