ውሃ ለሌለው ሆስፒታል ለምን ታጨበጭባላችሁ?

ወገኖቻችን፣ ይህ ጽሑፍ ተግሳጽ ነው። የምንጽፈው በሆስፒታል ውስጥ ኢንፌክሽን በመከላከል ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ነን። መንግሥትን የምንወቅስበት ብዙ ነገር አለን፤ እዚህም እንወቅሰዋለን። አስቀድመን የምንገሥጸው ግን እናንተን ነው። ሹም ካልተጠየቀ አይመልስም፤ እናንተ ደግሞ መጠየቅ ትታችኋል።

ሆስፒታሉ የሕዝብ መድረክ ሲጠራ ምን ትላላችሁ? ሲቲ ስካን ይግባልን፣ ስፔሻሊስት ይመደብልን፣ አዲስ ሕንፃ ይሠራልን። ሕንፃው ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ታጨበጭባላችሁ፣ ትበተናላችሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቧንቧው ሲከፈት ውሃ ይወርድ እንደሆነ ጠይቆ የሚሄድ ሰው አናይም። ከዚያ አንዲት እናት በዚያው ሕንፃ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች፤ በአምስተኛው ቀን ቁስሏ መግል ይዞ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት «እግዜር ያመጣው ነው» ተብሎ ይታለፋል። እምነታችሁን አንነካም፣ እኛም አማኞች ነን። ነገር ግን በደንብ ባልተቀቀለ መቀስ የገባን ጀርም በፈጣሪ ማሳበብ እምነት አይደለም። ዝም አይነቅዝም ትላላችሁ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታችሁ ከነቀዘ ቆይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች 15ቱን እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በሀብታም አገሮች ቁጥሩ 7 ነው። ከተያዙት መካከል ከ10 አንዱ ይሞታል። በ15 እና በ7 መካከል ያለውን ልዩነት በአብዛኛው የሚፈጥረው ውድ ማሽን አይደለም፤ ውሃ፣ ሳሙና፣ በአልጋና በአልጋ መካከል ያለ ርቀት፣ የነርሶች ብዛትና የመሣሪያ ንጽሕና ነው። ሁሉም በጀት የሚፈልጉ፣ ሁሉም ኃላፊ ያላቸው፣ ሁሉም ሊጠየቁ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

ከውሃ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ የቆመ ነውና። መስፈርቱ ለአንድ ተኝቶ ታካሚ በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ ለአንድ ተመላላሽ ታካሚ 5 ሊትር፣ ለአንድ ቀዶ ሕክምና ወይም ወሊድ 100 ሊትር ነው። የከተማችሁ ሆስፒታል 100 አልጋ፣ በቀን 200 ተመላላሽና 10 ቀዶ ሕክምናና ወሊድ አለው እንበል። 50 ሊትር በ100 አልጋ 5,000 ይሆናል፤ ለተመላላሹ 1,000፣ ለቀዶ ሕክምናውና ለወሊዱ ሌላ 1,000። ድምሩ በቀን 7,000 ሊትር ነው። የከተማው ውሃ በሦስት ቀን አንዴ የሚለቀቅ ከሆነ ሆስፒታሉ ቢያንስ 14,000 ሊትር አጠራቅሞ መያዝ አለበት። አሁን ግቢው ውስጥ ገብታችሁ ሮቶዎቹን ቁጠሩ። ባለ 10,000 ሊትር አንድ ሮቶ ብቻ ቆሞ ካያችሁ፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አዋላጇ እጇን የምትታጠብበት እንደማይኖራት ያለ ማንም ነጋሪ አውቃችኋል። ሮቶው ሞልቶ መሳቢያ ፓምፑ ተቃጥሎ ለወራት የሚቆምበትም ጊዜ አለ፤ ያኔ ጥያቄው የጥገና በጀቱ ወዴት ሄደ የሚል ነው። የከተማው ውሃና ፍሳሽ ጽሕፈት ቤትም አይለፈው። ሆስፒታል ከሆቴል እኩል ወረፋ የሚጠብቅበት ፕሮግራም ያወጣው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ውሃ ሲጠፋ ሳኒታይዘር አለ ይባላል። እውነት ነው፤ እጅ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለው በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ከመታጠብ ይሻላል፣ ይፈጥናልም። ግን ስንት ሊትር አለ? ዝቅተኛው ልክ ለ1,000 የታካሚ ቀን (አንድ ታካሚ አንድ ቀን ሲተኛ አንድ የታካሚ ቀን ይባላል) 20 ሊትር ነው። 100 አልጋው ሁሉ ቢያዝ በወር 3,000 የታካሚ ቀን ይሆናል፤ ስለዚህ ሆስፒታሉ በወር 60 ሊትር መጠቀም አለበት። ከመጋዘን የወጣው 10 ሊትር ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የእጅ ንጽሕና ሥዕል ጌጥ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። ገበያ ላይ ጠፋ የሚለውንም ምክንያት በቀላሉ አትቀበሉ። 8,333 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ ኤታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሮል፣ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ 10 ሊትር መሙላት፣ 72 ሰዓት አቆይቶ ማከፋፈል፤ ሥራው ይኸው ነው። ፋርማሲስት ያለው ሆስፒታል ራሱ ያዘጋጀዋል፤ ኤታኖልም አገር ውስጥ ይመረታል። የጎደለው ብዙ ጊዜ የግዢ ውሳኔ ነው።

ስለ አውቶክሌቭ (የቀዶ ሕክምና መሣሪያን በእንፋሎት ከጀርም ስለሚያጸዳው ማሽን) ከእናንተ የሚጠይቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ሐኪሙ የሚያውቀው ነገር ነው ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ሐኪሙም ብዙ ጊዜ አያየውም። የቀዶ ሕክምና መሣሪያ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእንፋሎት 121 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ደቂቃው የሚቆጠረው ሙቀቱ 121 ከደረሰ በኋላ ነው። እዚህ አገር ሥራው የሚበላሽባቸውን መንገዶች እንንገራችሁ። መብራት በመካከል ይጠፋል፤ ሲመጣ ከዜሮ መጀመር ሲገባ ከቆመበት ይቀጠላል። ማሽኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ጥቅሎቹ ተጨናንቀው ይገባሉ፤ እንፋሎቱ ወደ መካከለኞቹ አይደርስም። ሦስተኛውን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ፣ የማሽኑ ግፊት ቆጣሪ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲያሳይ ውስጡ 117 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሙቀቱን ትቶ በግፊቱ ብቻ የሠራ ባለሙያ ሳያውቀው ግማሽ ሥራ ሠርቶ ይወጣል። ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ቴፕ መጥቆሩ ደግሞ ማሽኑ ውስጥ መግባቱን እንጂ መሃሉ ከጀርም መጽዳቱን አያረጋግጥም። ለዚያ ጥቅሉ ውስጥ የሚገባ አመልካችና በየሳምንቱ የሚደረግ የስፖር ምርመራ (ሙቀት የሚቋቋም ጀርም ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ መሞቱን ማየት) ያስፈልጋል። ስለዚህ ቦርዱን ስትጠይቁ «አውቶክሌቭ አላችሁ ወይ?» አትበሉ፤ አለን ይሏችኋል። «የባለፈው ወር የስፖር ምርመራ መዝገብ የት አለ?» በሉ።

በረኪናም እንዲሁ ነው። ግቢው በረኪና በረኪና ሲሸት ደስ ይላችኋል፤ ሽታው ግን ንጽሕና አይደለም። ባለ 5 በመቶ በረኪና 1 እጅ በ9 እጅ ውሃ ሲበረዝ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ለደምና ለፈሳሽ የሚበቃው ይህ ነው። በየቀኑ ካልተዘጋጀ ኃይሉ ይወርዳል። ደሙ አስቀድሞ ሳይጠረግ ቢፈስበትም ዋጋ የለውም። ከሽንት ቤት የወጣ መወልወያ በዚያው ባልዲ ወደ ማዋለጃ ከገባ ደግሞ ጀርሙ ከክፍል ክፍል ተዘዋወረ ማለት ነው። ይህን የምትሠራው የጽዳት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ያለ ሥልጠና፣ ያለ ቦት ጫማ፣ ያለ ሦስት ዙር የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኮንትራት የተቀጠረች ናት። እሷን አትውቀሱ፤ ውሉን የፈረመውን ጠይቁ።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከሁሉ የከፋ ነው። በአንድ ማሞቂያ ላይ ሁለትና ሦስት ሕፃን ሲተኛ፣ የኦክስጅን ማርጠቢያው ጠርሙስ በቧንቧ ውሃ ሲሞላ፣ አንድ የመምጠጫ ቱቦ ለብዙ ሕፃን ሲውል፣ ክሌብሲየላና አሲኔቶባክተር የሚባሉት ባክቴሪያዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። እነዚህ ብዙ አንቲባዮቲክ የለመዱ ናቸው፤ ሐኪሙ የሚያዝዘው ያጣል። ከዚህ ክፍል የሚወጣ ትንሽ አስከሬን ሁልጊዜ «ያለ ቀኑ ተወልዶ ነው» የሚል ምክንያት ይሰጠዋል። ስንቱ ያለ ቀኑ በመወለዱ፣ ስንቱ ደግሞ እዚያው በያዘው ኢንፌክሽን እንደሞተ ለይቶ የሚመዘግብ ሆስፒታል እንዲኖራችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አሁን ወደ ራሳችሁ እጅ ተመልከቱ። አሥራ ሁለት ሆናችሁ አንድ ታማሚ ልትጠይቁ ትመጣላችሁ። አልጋው ላይ ትቀመጣላችሁ። የእናንተን ከጠየቃችሁ በኋላ ደግነታችሁ አላስችል ብሏችሁ በየአልጋው እየዞራችሁ «እግዜር ይማርህ» እያላችሁ እጅ ትጨብጣላችሁ፤ የአንዱን ቁስል ጀርም ለሌላው የምታደርሱት እናንተ ናችሁ። ሰው መጠየቅ መልካም ባሕላችን ነው፣ እንዲቀር አንልም። ከእግርጌ ቆማችሁ እጅ ነሥታችሁ ምሕረት ተመኙለት። አልጋ ላይ አትቀመጡ። ሕፃን ይዛችሁ አትምጡ። ስትገቡም ስትወጡም እጃችሁን ታጠቡ፤ መታጠቢያው ውሃ ከሌለው ያንን ጻፉት፣ በኋላ የሚያስፈልጋችሁ ማስረጃ ነው።

አስታማሚ የሆናችሁ ደግሞ፦ የሽንት ከረጢቱ ሁልጊዜ ከታማሚው ወገብ በታች ይንጠልጠል፣ ወለል አይንካ። ታማሚውን ስታነሡ አልጋው ላይ ካስቀመጣችሁት ሽንቱ ተመልሶ ወደ ፊኛ ይገባል። «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል ወይ?» ብላችሁ በየቀኑ ጠይቁ፤ ሳያስፈልግ ያደረ ቱቦ የኢንፌክሽን በር ነው። ካኑላው (በደም ሥር የገባው የመድኃኒት ቱቦ) የገባበት ቦታ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ካመመ ወዲያው ተናገሩ። ከቀዶ ሕክምና በፊት ቤት ውስጥ በምላጭ አትላጩት፤ ምላጭ በዓይን የማይታይ ጭረት ይተዋል፣ ጀርሙ በዚያ ይገባል። ሌሊቱን ወይም ጠዋት ገላውን በሳሙና መታጠቡ ይበቃል። «መርፌ ካልተወጋ አልታከመም» ማለታችሁንም ተዉ። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የምትገዙት፣ ሲሻላችሁ በሦስተኛው ቀን የምታቋርጡት አንቲባዮቲክ ነገ ልጃችሁን የሚያድነውን መድኃኒት ዛሬ እያደከመው ነው።

ሌላም አለ። ሰው ሲሞትባችሁ ተረኛዋን ነርስ ትሰድባላችሁ፣ አንዳንዴም እጃችሁን ታነሣላችሁ። አንድ ነርስ ለሠላሳ ታማሚ ስትመደብ በየታማሚው መካከል እጇን ልታሽ የምትችልበት ጊዜ የለም። ምደባውን ያወጣችው እሷ አይደለችም። መደቡን ባዶ የተወው የሰው ሀብት ክፍል፣ በጀቱን ያጸደቀው ቦርድ፣ ቦርዱን የሚከታተለው ጤና ቢሮ እያሉ ስድባችሁ በተረኛዋ ደመወዝተኛ ላይ ማረፉ ለሹማምንቱ ዕረፍት ሰጥቷቸዋል።

መጠየቂያ መንገድ የለንም አትበሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ሆነ ተመራጭ ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። የመንግሥት ሆስፒታል ቦርድ አለው፣ ቦርዱ ውስጥ የኅብረተሰብ ተወካይ አለ። ስሙን ታውቁታላችሁ? ሆስፒታሉ ከመንግሥት ከሚመደብለት በጀት ሌላ ከካርድ፣ ከምርመራና ከመድኃኒት የሚሰበስበውን የውስጥ ገቢ ራሱ ይጠቀምበታል፤ ያ ገንዘብ ከኪሳችሁ የወጣ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁማ በየዓመቱ ከፍላችሁ የገዛችሁት አገልግሎት ነው፣ በምልጃ አትለምኑት። ጤና ሚኒስቴር «ካሽ» ብሎ ንጹሕና ደኅንነቱ የተጠበቀ ሆስፒታል ለማድረግ ንቅናቄ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆስፒታላችሁ በዚያ ሲመዘን ስንት አገኘ?

መረጃ ለማግኘት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለላችሁ። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ለሆስፒታሉ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይጻፍ፤ ግልባጭ ለቦርዱ ሰብሳቢና ለጤና ቢሮው። «ስለ ንጽሕና ማብራሪያ እንጠይቃለን» አትበሉ፤ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በሁለት መስመር ይመልሱታል። ቁጥር ጠይቁ፦ ባለፉት 3 ወራት ውሃ የተቋረጠባቸው ቀናት ስንት ናቸው፣ የማጠራቀሚያው መጠን ስንት ሊትር ነው፣ በወር የወጣው ሳኒታይዘር ስንት ሊትር ነው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስላቸው የመገለ ታካሚዎች ከስንቱ ስንት ናቸው፣ የስፖር ምርመራ መዝገብ አለ ወይ፣ ለኢንፌክሽን መከላከል የተያዘው በጀት ስንት ነበር፣ ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ። የታካሚ ስም አትጠይቁ፤ እሱ ምስጢር ነው፣ ደብዳቤውንም ለመከልከል ሰበብ ይሆናል።

በሁለት ቅጂ ውሰዱት። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ። ያለ ማኅተም የሰጣችሁት ደብዳቤ «አልደረሰንም» ይባላል። መልስ ለመስጠት 30 ቀን አላቸው። ዝም ካሉ ወይም ከከለከሉ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት በሉ፤ እሱም ካልመለሰ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይዛችሁ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂዱ። አንድ ሰው ብቻውን አይፈርምበት፤ ከዕድር ሃያ ሠላሳ ሰው ሆናችሁ ፈርሙ። ጊዜውንም ምረጡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በሐምሌ የሄደ ሰው «በጀት ተደልድሎ አልቋል» ይባላል። ደብዳቤው በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ይግባ፤ መልሱ በእጃችሁ ኖሮ በግንቦት በጀቱ ሲረቀቅ ከወረዳና ከከተማ ምክር ቤት ተመራጫችሁ ፊት ተቀመጡ።